የድሬ ሙቀትና የቦርዶ ጠርሙስ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብለውናል አበው። ስለ ፈረንሳይ ቀይ ወይን ልጽፍ ስነሣ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ምሳሌው ከገዛ ቤቴ፣ ለዚያውም ከገዛ ኪሴ የወጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. የገና ሰሞን ለአባቴ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ገዛሁ። ዋጋው የወር ደመወዜን አንድ አምስተኛ ይጠጋ ነበር። የባንክ ሠራተኛ ነኝና የቁጥር ክብደት አይጠፋኝም፤ ዐውቄ፣ ቆጥሬ፣ ሁለት ቀን አመንትቼ ነው የገዛሁት።

ምክንያት ነበረኝ። አባቴ በ1964 ዓ.ም. የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለ በፍራንኮ-ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ዕቃ አውራጅ ሆኖ ተቀጠረ። ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ ላስታውሰው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ዐረፈ፤ ከተማዪቱም በዙሪያው በቀለች። የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ጥላ የሚጥሉ ዛፎች ከዚያ ዘመን የቀሩልን ናቸው። «ለገሃር» የምንለው ስምም ከፈረንሳዮች አፍ ወድቆ እኛ ያነሣነው ቃል ነው። አባቴም የራሱን ቃል አንሥቷል። ከጅቡቲ ከሚመጡት ሣጥኖች መካከል «ቦርዶ» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው ነበሩ አሉ። አለቃው ለሌላው ዕቃ ዝም እያለ ለእነዚያ ሣጥኖች ብቻ ከወዲያ ማዶ ይጮኽ ነበር፦ «ዱስማ! ዱስማ!» ቀስ በሉ ማለቱ ነው። እኛ ልጆቹ ሳህን ስናነሣ፣ ሕፃን ስናቅፍ፣ ደረጃ ስንወርድ የሰማናት ቃል ይህቺው ናት። አባቴ ሣጥኖቹን ሲያወርድ ኖረ እንጂ በውስጣቸው ያለውን አልቀመሰም።

እነሆ የበዓሉ ምሽት። ጎረቤት ሄዶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ እኔና እርሱ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። (ድሬ ላይ አባትን «አንተ» ማለት ነውር አይደለም፤ ከሌላ አገር የመጣ አንባቢ እንዳይቀየመኝ።) የጠርሙሱን አፍ መሸፈኛ ስገፍ ቡሹ ወደ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ዙሪያውን የደረቀ ቀይ እድፍ ነበረው። ያን ጊዜ የዕድሜው ምልክት መስሎኝ ደስ አለኝ። ስቀዳው ቀለሙ ወደ ዝገት ያደላ ነበር። ሽታው የተቀቀለ ዘቢብ ነው፤ ጣዕሙ ደግሞ ባዶ ሆኖ መጨረሻው ላይ ይኮመጥጣል። እኔ ብርጭቆዬን መጨረስ አቃተኝ። አባቴ ግን ጨረሰ። ከዚያም ብርጭቆውን እያየ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «ለዚህ ነበር እንዴ የሚጮኹብን?» አለ።

ይህ አነጋገር ለወራት ከጆሮዬ አልወጣም። ገንዘቡ ይቅር፤ አንድ ሰው ሃምሳ ዓመት ሲገምተው የኖረውን ጣዕም በአንድ ምሽት ያበላሸሁበት እኔ ነኝ። ስለዚህ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ማንበብ ጀመርሁ። ያነበብሁትን እዚህ የምጽፈው ሌላው እንደ እኔ እንዳይከስር ነው፤ አቋሜንም ከመጀመሪያው ልናገር። ጥሩ የፈረንሳይ ቀይ ወይን በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛል፤ ነገር ግን የሚገኘው እኔ በፈለግሁበት ቦታ፣ ማለት በስሙና በዕድሜው ዘንድ አይደለም።

በመጀመሪያ ሙቀቱ። ወይን ሲቀመጥ የሚወደው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ፣ ጨለማና የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ነው። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ 35 ዲግሪን ማለፍ ልማዷ ነው። ወይን ሲሞቅ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ቡሹን ይገፋል፤ በቡሹ ዳር ጥቂት ያፈስሳል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ አየር ይስባል። ከፍ ያለው ቡሽና የደረቀው እድፍ የዕድሜ ጌጥ ሳይሆኑ የበሽታ ምልክት ነበሩ። ጠርሙሱን የገዛሁበት ሱቅ የፊት መስተዋቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ ነው፤ ውድ ውድ ጠርሙሶች ለእይታ የሚቆሙት እዚያ መስተዋት ሥር፣ ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ላይ ነው። ባለ ሱቁን አልወቅሰውም፤ ዕቃውን ያከበረ መስሎት ነው።

ቀጥሎ ጊዜው። የባንክ ሰው ሆኜ ይህን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እጥረትን ምክንያት አድርጎ 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ እንዳይከፈትላቸው ሲከለክል የአልኮል መጠጥ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። ክልከላው የተነሣው ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በገበያ እንዲመራ ባደረገበት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚያ መካከል፣ በገና ሰሞን፣ በድሬ ዳዋ ሱቅ ውስጥ የቆመ የፈረንሳይ ጠርሙስ ወይ ከክልከላው በፊት የገባ ነው፣ ወይ በበረሃ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ የድሬን በጋ በመስተዋት ሥር ቆሞ አሳልፏል፤ ሁለተኛው ከሆነ በምን ተጭኖ፣ ስንት ቀን በየት አሸዋ ላይ እንደ ዋለ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። በመስኮቴ በኩል የሚያልፈውን ሰነድ ሁሉ በቀን፣ በፊርማና በማኅተም የምመረምር ሰው የጠርሙሱን ቀን ሳልመረምር ቀረሁ።

አይደለም፤ መርምሬያለሁ፤ ግን ተገልብጦብኝ ነው። ጽሑፉ ላይ 2013 የሚል ነበር፤ የፈረንጆቹ 2013 ማለት ነው። አሥር ዓመት የቆየ ወይን! ብዬ ተደሰትሁ። ወይን ሲያረጅ ይጣፍጣል የሚለው ወሬ እውነት የሚሆነው ለጥቂቶቹ፣ ለዚያም በደንብ ለተቀመጡት ነው። ከፈረንሳይ የሚወጣው አብዛኛው ቀይ ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ደግሞም 2013 ለቦርዶ ብርድና ዝናብ የበዛበት፣ ወይኑ በቅጡ ያልበሰለበት ደካማ ዓመት ነበር፤ የተመሰገኑት 2015 እና 2016 ናቸው። እኔ የመረጥሁት ደካማውን ዓመት፣ ካረጀ በኋላ፣ ከተቀቀለ በኋላ።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቢያንስ በሙያዬ አልታማም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ባዶው ጠርሙስ ብቻ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። መርከቡና የጭነት መኪናው የሚያጓጉዙት ክብደት ወይን ብቻ ሳይሆን ጠርሙስ ጭምር ነው። ጠርሙሱ፣ ቡሹ፣ ካርቶኑ፣ የመርከቡ ኪራይ፣ የጅቡቲ ወደብ ክፍያ ለርካሹም ለውዱም ወይን አንድ ዓይነት ናቸው። በዚህ ላይ ቀረጡ ይመጣል፤ ቀረጡ የሚሰላው መጓጓዣውና መድኑ በተደመረበት ዋጋ ላይ ነው። ኤክሳይዙ ቀረጡ ላይ ይደረባል፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ኤክሳይዙ ላይ ይደረባል፤ 10 በመቶው ሱር ታክስም አለ። አንዱ ሌላውን አዝሎ ተራራ እንደሚወጣ ነው። የብሩ ዋጋ ነገሩን ምን ያህል እንዳከበደው ደግሞ አልናገርም፤ ከሐምሌ 2016 በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር እንዳለፈ ማን ያልሰማ አለ?

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ውጤት ግን ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። በጣም ርካሹን ጠርሙስ የገዛ ሰው ከገንዘቡ አብዛኛውን የከፈለው ለብርጭቆ፣ ለመንገድና ለግብር ነው፤ ለወይኑ የደረሰው ሽራፊ ነው። ጥቂት ከፍ ያለውን ሲገዛ መንገዱ ያው ስለ ሆነ ከጨመረው ገንዘብ ወደ ወይኑ የሚደርሰው ድርሻ ይበልጣል። እጅግ ከፍ ሲል ደግሞ የሚከፍለው ለስም ነው። እንግዲህ የዋጋ በረከት ያለው ከታችም ሳይሆን ከላይም ሳይሆን ከርካሹ ትንሽ ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። እኔ ዘልዬ ጫፍ ላይ ነበር የወጣሁት።

ስም ስል ስሙ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1855 ናፖሊዮን ሦስተኛ ፓሪስ ላይ ታላቅ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ የቦርዶ ወይኖች ደረጃ እንዲወጣላቸው ተጠየቀ። ደረጃውን ያወጡት የንግድ ደላሎች ናቸው፤ የተጠቀሙበትም ሚዛን በዋናነት እያንዳንዱ ይሸጥበት የነበረው ዋጋ ነው። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ፣ ላፊት፣ ላቱርና ማርጎን ከላይ አድርገው፣ ወደ 60 የሚጠጉ ቀይ ወይን አምራቾችን መደቡ። ይህ መዝገብ ከዚያ ወዲህ ጉልህ ለውጥ የተደረገበት አንድ ጊዜ ነው፤ በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ ሲል። ልብ በሉ፤ ውድ ስለ ነበሩ አንደኛ ተባሉ፤ አንደኛ ስለ ተባሉ ደግሞ እስከ ዛሬ ውድ ናቸው። እኛ ባንክ ውስጥ ብድር የሚያገኘው ብድር የማያስፈልገው ነው እያልን እንደምንቀልደው ዓይነት ነገር ነው። ወይኑ መጥፎ ነው አላልሁም፤ ቀምሼው አላውቅም፤ በደመወዜም አልቀምሰውም።

ዋጋ ምላስን እንደሚያታልል ደግሞ ተመርምሯል። በ2008 የታተመ የካልቴክ ተመራማሪዎች ጥናት አንድን ወይን አንዴ የ90 ዶላር፣ አንዴ የ10 ዶላር ነው እያለ ለሰዎች አቀመሰ፤ ሰዎቹ ውድ ነው የተባለውን የበለጠ ወደዱት፤ ደስታው በአንጎላቸው ምስል ላይ ጭምር ታየ። ይህን ሳነብ ወደ አባቴ ሐሳቤ ሄደ። ዋጋውን ነግሬው ነበርና። የነገርሁት ዋጋ እንኳ ያን ወይን ሊያጣፍጠው አልቻለም ማለት ነው።

ታዲያ የት እንፈልግ? ከስመ ጥሩ ሰፈር አጠገብ ያለውን ሰፈር መፈለግ ነው ብልሃቱ። በሮን ወንዝ ሸለቆ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የሚባል ስመ ገናና ወይን አለ፤ ጎረቤቶቹ ዢጎንዳስና ቫኬራስ ከዚያው ፀሐይ ሥር ከእነዚያው ከግሬናሽና ከሲራ ዘለላዎች እየተጠመቁ በዋጋ ዝቅ ይላሉ፤ ከእነርሱም በታች «ኮት ዱ ሮን» የሚለው ተራ ስም አለ፤ እርሱም በደጉ አምራች እጅ ሲወጣ የሚያሳፍር አይደለም። በቦርዶም ቢሆን ከ1855ቱ መዝገብ ውጭ የቀሩ «ክሩ ቡርዡዋ» የሚባሉ አሉ፤ ታላላቆቹ ቤቶች ራሳቸው ከወጣት ተክሎቻቸው ፍሬ ጭምር የሚሠሩት ሁለተኛ ወይንም አለ፤ ይህኛው ግን ስሙን ከታላቁ ስለሚዋስ ዋጋውንም መዋስ ጀምሯል፤ እኔ አልመክረውም። ጠርሙሱ ላይ «ግራን ቫን» የሚል ወርቃማ ጽሑፍ ስታዩ አትደንግጡ፤ ታላቅ ወይን ማለት ነው፤ ግን ደረጃን የሚያመለክት ማዕረግ አይደለም፤ ተራው ጠርሙስም ይለጥፈዋል። የእኔው ጠርሙስ ለጥፎት ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ወይኑ ከምን ጋር ይጠጣል የሚለው ይመስለኛል፤ ፈረንጆቹ ሲጽፉልን ይህን ሊያስቡልን አይችሉም። የወጣት ቦርዶ ወይን ምሬትና አፍ ማድረቅ፣ እንደ ጠነከረ ሻይ ወይም ጌሾ እንደ በዛበት ጠላ ያለው፣ ከጮማ ሥጋ ጋር ይለዝባል። በርበሬ ሲያገኝ ግን ይባባሳል፤ ቃሪያውና ሚጥሚጣው አልኮሉን ያቃጥሉታል፣ ምሬቱን ያጎሉታል። ለዶሮ ወጥ ማዕድ ውድ ቦርዶ ማቅረብ ማለት ሁለት ቁጡ ሰዎችን አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ለእኛ ገበታ የሚስማማው ምሬቱ ያነሰ፣ ፍሬ ፍሬ የሚል ወይን ነው፤ ለምሳሌ ጋሜ ከሚባለው ዘለላ የሚሠራው ቦጆሌ። እርሱ ደግሞ ፈረንሳዮች ራሳቸው ትንሽ አቀዝቅዘው የሚጠጡት ቀይ ወይን ነው! «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለውን ሕግ ያወጡት ሰዎች የነበራቸው ክፍል 16 እና 18 ዲግሪ የሆነ የድንጋይ ቤት እንጂ የእኛ የቆርቆሮ ጣሪያ አልነበረም። ድሬ ላይ ቀይ ወይን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ሳይቆይ ቢቀዳ ሕጉን ማክበር ሳይሆን ወይኑን መናቅ ነው።

የአገር ቤቱን ወይን ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ከ1949 ጀምሮ በቦርዶ የሚነግደው የካስቴል ቤተሰብ ኩባንያ በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምንላት ከተማ፣ ከፈረንሳይ ባስመጣው ችግኝ የወይን እርሻ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሻ» የሚሉ ጠርሙሶችን አውጥቷል። ጉማሬና ጅብ ወይኑን እንዳያጠፉት በእርሻው ዙሪያ ቦይ መቆፈር እንዳስፈለገ ሳነብ ከቦርዶው አዛውንት ደላላ ሁሉ የሚበልጥ ታሪክ መሰለኝ። እንደ እኔ አፍ ሲራው ከመርሎው ይሻላል። መርከብ አይሳፈርም፣ የወደብ ፀሐይ አያገኘውም፣ የገቢ ቀረጥ የለበትም፤ ስለዚህ ለአዘቦቱ ማዕድ የገንዘብ ዋጋ የሚሰጠው እርሱ ነው ብል አልተሳሳትሁም። ጉደርንም በልጅነት ስለማውቀው አልከዳውም። ነገር ግን የአባቴ ሣጥን ላይ የተጻፈው ዝዋይ ወይም ጉደር አልነበረም። የፈረንሳዩ ዕዳ በፈረንሳዩ መከፈል ነበረበት።

በ2017 ዓ.ም. ለሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ። ቦሌ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ በመጀመሪያ ያየሁት ጠርሙሶቹን ሳይሆን ክፍሉን ነው። መስኮት የለውም፤ ይቀዘቅዛል፤ ጠርሙሶቹ ተጋድመዋል። አንድ ቦጆሌ ቪላዥ አነሣሁ፤ ወርቅ የለበት፣ ሜዳሊያ የለበት፣ የሁለት ዓመት ልጅ። የቡሹን አፍ በአውራ ጣቴ ዳሰስሁ፤ ከጠርሙሱ ጋር እኩል ነው። ዋጋው ያን ጊዜ ለቦርዶው ከከፈልሁት ከግማሽ በታች ነበር፤ ብሩ እንደዚያ ወርዶም እንኳ። በጋቢ ጠቅልዬ ለቡ ላይ በአዲሱ ባቡር ተሳፈርሁ። አዋሽን ስናልፍ ሙቀቱ ሲጀምር ቦርሳዬን ከመስኮቱ ዳር አንሥቼ ከወንበሩ ሥር ከተትሁት። አጠገቤ የነበሩት እናት «ልጄ፣ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የምትሳሳለት?» አሉኝ። «የአባቴ መድኃኒት ነው» አልኋቸው፤ እግዜር ይማረው ብለው መረቁልኝ።

እሑድ ማታ፣ ያው በረንዳ። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆይቼዋለሁ። ዶሮ ባይኖርም የፍየል ጥብስ ከነቃሪያው ቀርቧል። ዋጋውን አልነገርሁትም፤ ቢጠይቀኝም አልነግረውም ብዬ ወስኛለሁ። ቀዳሁለት። ቀለሙ እንደ እንጆሪ ነበር። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለ፤ ጥብሱን ጎረሰ፤ እንደገና ጎንጨት አለ፤ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝና የዝምታን ርዝመት መለካት አውቅበታለሁ፤ ያኛው ግን ከለመድሁት ረዘመ። ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋው። ጠርሙሱን አንሥቼ ስቀዳ እጄ መንቀጥቀጡን አይቶ ነው መሰለኝ አንጓዬን ያዝ አድርጎ «ዱስማ» አለኝ።

ከዚያም ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየውና በረዶ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቦጆሌ ውስጥ በረዶ! ፈረንሳዊው አለቃ ቢሰማ ከመቃብር ይጮኽ ነበር። ተነሥቼ ሦስት ፍሬ አመጣሁለት።